የማተሚያ ዋጋ በግዥው ዕለት አያልቅም

ጅጋ፦ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጅጋ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ጎጃም የገጠር ቀበሌዎች፣ አንድ ባለጉዳይ የነዋሪነት ማስረጃ፣ የመሬት ይዞታ ደብዳቤ ወይም የአቤቱታ ምላሽ ፈልጎ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የጉዳዩን ፍጥነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልሰፈረም። ይኸውም በዕለቱ በማተሚያው ውስጥ ቀለም መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

ቀለም ባለቀበት ቀን ደብዳቤው ተረቅቆ፣ ኃላፊው በቢሮው እያለ፣ ማኅተሙም ተዘጋጅቶ ሳለ ሥራው ይቆማል። ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል። አንደኛው በሌላ ቀን መመለስ ነው፤ ሁለተኛው በፍላሽ የተገለበጠለትን ጽሑፍ ይዞ ወደ ግል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ከኪሱ ከፍሎ ማሳተም ነው። በሁለቱም መንገድ የመሥሪያ ቤቱ የቀለም ወጪ ወደ ባለጉዳዩ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ችግሩ የጅጋ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ በማንኛውም የወረዳ ማዕከል ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ለዚህ ችግር ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የበጀት እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ቢሆንም ምክንያቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በመንግሥት የሂሳብ አመዳደብ ማተሚያው የሚገዛው ከቋሚ ንብረት፣ በተለምዶ 6313 ተብሎ ከሚታወቀው መደብ ሲሆን፣ ቀለሙ ወይም ቶነሩ ደግሞ 6212 ከሆነው የቢሮ አላቂ ዕቃዎች መደብ ነው። ማሽኑን የመረጠው ኮሚቴ ሥራው በርክክቡ ዕለት ይጠናቀቃል። ቶነሩን በየወሩ የሚጠይቀው ሠራተኛ ደግሞ በማሽኑ ምርጫ ላይ ድምፅ አልነበረውም። በዚህም የተነሣ ሁለቱ ወጪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ተደምረው የሚታዩበት አጋጣሚ እምብዛም የለም።

በተለይ አነስተኛ ግዥ በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ዝቅተኛውን የማሽን ዋጋ ላቀረበው ነጋዴ ሲሰጥ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለተማሪ ታስቦ የተሠራ ማተሚያ በቀን መቶ ገጽ ወደሚያትም ጽሕፈት ቤት የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከአሥር ዓመታት በላይ በሥራ ላይ የቆየው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ከመርሖዎቹ ግንባር ቀደም ያደረገው ለሚከፈለው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማግኘትን እንጂ በተለጠፈው ዋጋ ርካሽ የሆነውን መውሰድን አልነበረም። የጎጃም ገበሬ በቅሎ ሲገዛ ዋጋዋን ብቻ አይጠይቅም፤ ቀለቧን፣ የምትጫነውንና ስንት ዓመት እንደምታገለግል አብሮ ያሰላል። በቢሮ ዕቃ ግዥ ላይ የሚጎድለው ይኸው ስሌት ነው።

ማተሚያዎች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ፈሳሽ ቀለም በወረቀት ላይ የሚረጨው ኢንክጀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደረቅ ዱቄት ማለትም ቶነር በሙቀት አቅልጦ የሚያጣብቀው ሌዘር ነው። ኢንክጀት ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ባለቀለም ምስልም ያወጣል። ሆኖም አምራቾች ማሽኑን በትንሽ ትርፍ ሸጠው ዋናውን ገቢ ከቀለሙ የሚያገኙበት የንግድ ሥልት በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ለምሳሌ ለአነስተኛ የዴስክጀት ማተሚያዎች የሚሆነው ኤችፒ 123 የተባለው መደበኛ ጥቁር ቀለም በአምራቹ መግለጫ መሠረት 120 ገጽ ያህል ያትማል። 500 ቅጠል የያዘ አንድ እሽግ ወረቀት በአንድ ገጽ ብቻ ታትሞ እስኪያልቅ ከአራት በላይ ቀለም ይበላል ማለት ነው። ወረቀቱንና ቀለሙን በአንድ ቀን የገዛ ንብረት ክፍል ወረቀቱ ገና ሩብ ያህሉ እንኳ በወጉ ሳይነካ ቀለሙን ዳግም ፍለጋ ይወጣል።

ከዚህም ሌላ በኢንክጀት የተሞላው ቀለም በሙሉ በወረቀት ላይ አያርፍም። ቀለሙ የሚወጣው በዓይን ከማይታዩ ቀዳዳዎች በመሆኑ፣ ማሽኑ ለቀናት ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ቀዳዳዎቹ በደረቀ ቀለም ይዘጋሉ። ይህን ለመከላከል ማተሚያው ራሱን ያጸዳል፤ የሚያጸዳው ግን በውኃ ሳይሆን በዚያው በተገዛው ቀለም ነው። የታጠበበት ቀለም በማሽኑ ሥር ወደተቀመጠ ስፖንጅ ይፈስሳል፤ ስፖንጁ የሞላ መሆኑን ቆጣሪው ሲያመለክት አንዳንድ ማተሚያዎች ሥራ እስከማቆም ይደርሳሉ። የሸማቾች ጉዳይ የሚከታተለው የአሜሪካው ኮንሲውመር ሪፖርትስ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ፍተሻ፣ አልፎ አልፎ በሚሠራባቸው ወቅት ብዙዎቹ ኢንክጀቶች ከቀለማቸው ግማሹን ያህል ብቻ ለወረቀት ሲያውሉ፣ ጥቂቶቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ ከሚሆነው በላይ አላዋሉም።

በገጠር ከተሞች ይህን ብክነት የሚያባብሰው የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ነው። ማተሚያው በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄድ እየተባለ የሚጠራው ቀለም መርጫው ወደ ማረፊያው ተመልሶ ይከደናል። መብራት በድንገት ሲሄድ ወይም ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ ከማከፋፈያው ሶኬት ነቅሎ ሲወጣ ግን ሄዱ ባለበት ተገትሮ ለአየር ይጋለጣል። በማግሥቱ ኃይል ሲመለስ አንድ ገጽ እንኳ ሳይታተም ጽዳት ይጀመራል። ስለሆነም በሳምንት ጥቂት ገጾችን ብቻ ለሚያትም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ኢንክጀት ከሚመስለው በላይ ውድ ነው። የሚጠቀምበት ከሆነም በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ገጽ ማተም፣ ሲዘጋም በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ቀለሙን ያቆየዋል። ባለ ሦስት ቀለም ካርትሪጅ ያለው ማሽን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከሦስቱ አንዱ ካለቀ የቀሩት ሁለቱ ሳይነኩ ካርትሪጁ ይጣላል። ባለሰማያዊ አርማ ደብዳቤ ብቻ የሚያትም መሥሪያ ቤት ቢጫውንና ቀዩን አብሮ ይጥላል።

ሌዘር ማተሚያ ዱቄቱ ስለማይደርቅ ለወራት ቢቆምም አይጎዳም። ለጥቁር ጽሑፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እርሱን መምረጣቸው ትክክል ነው። እዚህም ቢሆን በስም ተቀራራቢ የሆኑ ሞዴሎች የወጪ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በመሥሪያ ቤቶች ከሚታወቁት መካከል ሌዘርጀት ፒ1102 የሚጠቀመው 85ኤ ቶነር ለ1,600 ገጽ ያህል የተሰላ ነው። ፒ2035 እና ፒ2055 ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም 2,300 ገጽ የሚያትመውን 05ኤ ይቀበላሉ። ሆኖም 6,500 ገጽ የሚያወጣው 05ኤክስ የሚሠራው በፒ2055 ላይ ብቻ ነው። በግዥ ጥያቄው ላይ የሞዴሉ አንዲት አኃዝ መለወጧ ለማሽኑ ዕድሜ በሙሉ ትንሹን ቶነር ብቻ እንዲገዛ ታስገድዳለች። እንዲሁም ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነር ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። ፒ1102 ከፋብሪካ የሚወጣው 700 ገጽ ያህል ብቻ በሚያትም የመጀመሪያ ቶነር ነው። አዲስ ማሽን ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ቶነር አለቀ» ሲባል ሠራተኛው የሚጠረጠርበት ጊዜ ቢኖርም፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የኤሌክትሪክን ነገር በተመለከተ ሌዘርም የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ቶነሩን የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ይስባል። ኮምፒውተሩን ከሚጠብቀው ዩፒኤስ ጋር አብሮ መሰካቱ ዩፒኤሱን ይጎዳል፤ አምራቾችም አይመክሩትም።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለንብረት ኃላፊዎች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አይኤስኦ 19752 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ የጥቁር ቶነርን መጠን ሁሉም አምራች በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲለካ አድርጓል። በዚህ ዘርፍ የሚሠራበት የተለመደው ግምት ከገጹ ስፋት አምስት በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም እንደሚሸፈን ነው። የመሞከሪያው ገጽም በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። የአማርኛ ደብዳቤ ግን ከላይ የመሥሪያ ቤቱን አርማና በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ስም፣ ቀጥሎ በወፍራም ፊደል የተጻፈና የተሰመረበት «ጉዳዩ»፣ አንዳንዴም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የደመቀ ሐተታ የያዘ ነው። የተሸፈነው ስፋት አሥር በመቶ ከደረሰ 1,600 ገጽ የተባለው ቶነር በ800 ገጽ ያልቃል። ፎቶግራፍና ጥቁር መደብ ያለው የሽፋን ገጽ ደግሞ ከዚህም እጅግ ይብሳል። የግማሽ ዓመት ሪፖርት ሽፋን በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል ማሳመር ለዓይን ቢማርክም አንዱ ሽፋን የብዙ ደብዳቤዎችን ቶነር ይወስዳል።

ፊደል በመለወጥ ብቻ ቀለም መቆጠብ የተሞከረ ነው። የዊስኮንሲን ግሪን ቤይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢሜይል መልእክቶቹ ሲታተሙ የሚፈጁትን ቀለም ለመቀነስ ሴንቸሪ ጎቲክ ወደተባለው ቀጭን ፊደል ተሸጋግሯል። ትችቱም አብሮ መጣ፤ ፊደሉ ሰፊ በመሆኑ በቀለም የተገኘው ቁጠባ በወረቀት ይጠፋል የሚል ነበር። ይህ ጥንቃቄ ለግዕዝ ፊደልም ይሠራል። በየቢሮው ከተለመዱት መካከል ፓወር ግዕዝም ይሁን ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የየራሳቸው ውፍረትና ስፋት ስላላቸው፣ አንዱን ደብዳቤ በሁለቱም አትሞ የመስመሩን ብዛትና የጽሑፉን ድምቀት ማነጻጸር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ትርፉ ወዲያው የሚታየው ግን ከፊደሉ ዓይነት ይልቅ ሙሉ ሐተታን በወፍራም ፊደል የመጻፍ ልማድ ሲቀር ነው።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። የቶነሩ ዋጋ ለገጹ ብዛት ሲካፈል የአንድ ገጽ ወጪ ይገኛል። የሚከተሉት የብር መጠኖች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም። አንድ ጽሕፈት ቤት በወር 1,000፣ በሦስት ዓመት 36,000 ገጽ ያትማል እንበል። በ20,000 ብር የሚገዛው ማሽን 1,600 ገጽ የሚያትም የ4,000 ብር ቶነር፣ በ45,000 ብር የሚገዛው ደግሞ 6,900 ገጽ የሚያትም የ9,000 ብር ቶነር ይጠቀማል ቢባል፣ ለመጀመሪያው 23 ቶነር በ92,000 ብር፣ ለሁለተኛው 6 ቶነር በ54,000 ብር ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲደመር «ርካሹ» 112,000፣ «ውዱ» 99,000 ብር ይሆናል። ከዚህም በላይ ቶነር ያለቀበት ቀን በመጀመሪያው 23 ጊዜ፣ በሁለተኛው 6 ጊዜ ይመጣል፤ ለባለጉዳዩ የሚታየው ልዩነት ይህኛው ነው።

ይሁንና ውድ ማሽን ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። ያው ጽሕፈት ቤት በወር 200 ገጽ ብቻ የሚያትም ከሆነ በሦስት ዓመት የሚያስፈልገው 7,200 ገጽ ነው። በዚህ ጊዜ የትንሹ ማሽን ጠቅላላ ወጪ 40,000፣ የትልቁ 63,000 ብር ይደርሳል። በመሆኑም ከማንኛውም የግዥ ጥያቄ በፊት መታወቅ ያለበት የገጹ ብዛት ነው።

መረጃው ደግሞ በእጅ አለ። አብዛኞቹ ሌዘር ማተሚያዎች ከተመረቱበት ጊዜ አንሥቶ ያተሙትን ገጽ በውስጣቸው ይቆጥራሉ፤ የማሽኑን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ በማተም ቁጥሩን ማየት ይቻላል። በሌላ በኩል ንብረት ክፍሉ ቶነር በወጣ ቁጥር ሞዴል 22 ይቆርጣል። በወጪ ደረሰኙ ጀርባ የዕለቱን የገጽ ቁጥር መመዝገብ ቢለመድ፣ ከሁለተኛው ቶነር ጀምሮ እያንዳንዱ በእርግጥ ስንት ገጽ እንዳተመ በመቀነስ ብቻ ይታወቃል። 2,300 የተባለው 1,400 ላይ ካለቀ ምክንያቱ የገጹ ድምቀት፣ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ወይም ጊዜው ሳይደርስ የተጣለ ቶነር ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከሚገመተው በላይ የሚያጋጥም ነው። «ቶነር እያለቀ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግምት እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ካርትሪጁን አውጥቶ ወደ ጎን ቀስ ብሎ በመነቅነቅ ዱቄቱን ማስተካከል ተጨማሪ ገጾችን ያስገኛል። ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር መቀየር ይበቃል። የጽሕፈት መኪና በነበረበት ዘመን ጥብጣቡ ፊደሉ እስኪገረጣ ይሠራበት እንደነበር ነባር ጸሐፊዎች ያስታውሱታል።

ወጪውን ለመቀነስ ቶነር ማስሞላት በስፋት የተለመደ አማራጭ ነው። ዱቄቱ ከማሽኑ ጋር የሚስማማና በጥንቃቄ የተሞላ ከሆነ ያዋጣል። ነገር ግን እንደ 05ኤ ባሉት ካርትሪጆች ውስጥ ምስሉን የሚይዘው ድረም አብሮ ስለሚገኝ፣ በተደጋጋሚ ሲሞላ ድረሙ ያልቅና ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ወይም ጥላ ይታያል። በአንጻሩ ኪዮሴራ እ.ኤ.አ. በ1992 ባስተዋወቀው ኢኮሲስ በተባለው አሠራር ረጅም ዕድሜ ያለው ድረም በማሽኑ ውስጥ ቀርቶ የሚተካው ቶነሩ ብቻ ነው። ያገለገለ ካርትሪጅን ሞልቶ መሸጥ በሌላውም ዓለም አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሌክስማርክ ጉዳይ፣ አምራቹ ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ በባለቤትነት መብቱ ተጠቅሞ ዳግም መሞላቱን መከልከል እንደማይችል ወስኗል። ባለቀለም ኅትመት ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ የጀመረው ባለ ታንክ ማተሚያ የንግድ ሥልቱን ገልብጦታል። ማሽኑ ይወደዳል፤ ቀለሙ ግን በጠርሙስ ይሞላል። 664 የተባለው የጥቁር ጠርሙስ 4,000 ገጽ ያህል እንደሚያትም አምራቹ ይገልጻል። በኢትዮጵያ ከተሞች ያሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ባለ ታንኩን መምረጣቸው ከራሳቸው ኪስ የሚከፍል ሰው ምን ዓይነት ስሌት እንደሚሠራ ያሳያል።

ከመሣሪያው ምርጫ ባሻገር ምን ይታተማል የሚለውም መታየት አለበት። አንድ ደብዳቤ ለእርማት ሁለትና ሦስት ጊዜ ታትሞ፣ ከተፈረመም በኋላ ለአምስትና ለስድስት ክፍሎች «ግልባጭ» ተብሎ እንደገና ይታተማል። እርማቱ በኮምፒውተሩ ላይ ቢነበብ የሚቀረው ገጽ ከየትኛውም የፊደል ለውጥ ይበልጣል። በወረቀት ሁለት ገጽ ማተም ወረቀት ይቆጥባል፤ ቶነር ግን አይቆጥብም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በሥራ ላይ ውለው ለኤሌክትሮኒክ ሰነዶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ቢያንስ በአንድ ግቢ ውስጥ ላሉ ክፍሎች የሚላክ ግልባጭ በወረቀት መሆን ግዴታው እምብዛም ነው። የትምህርት ቤት ፈተናን በሌዘር ማተም ደግሞ ከሁሉ የከፋ አባካኝ ነው። ለብዙ መቶ ተማሪ የሚሆን አንድ ዓይነት ገጽ በሪሶግራፍ ሲባዛ፣ ማስተሩ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ቅጂ የቀለም ወጪ በጣም አነስተኛ ይሆናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲሰላ በመናሩ፣ ቀድሞ በዝምታ ይታለፍ የነበረው የቶነር ሂሳብ ጎልቶ መታየት ጀምሯል። ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ልማድ የሰኔ ግዥ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የተረፈው ገንዘብ እንዳይመለስ ቶነር በብዛት ተገዝቶ መጋዘን ይገባል። የታሸገ ቶነር በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ለዓመታት ሊቆይ ሲችል የኢንክጀት ቀለም ግን ከተጻፈበት ቀን በኋላ ይበላሻል። ከብልሽቱ ይልቅ የሚያጋጥመው ማሽኑ ቀድሞ መሞቱ ነው። ማተሚያው ተበላሽቶ ሌላ ሞዴል ሲተካ በሞዴል 19 የገባው ቶነር መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዚያው ጊዜ ያንኑ ሞዴል የሚጠቀም የጎረቤት ጽሕፈት ቤት ቀለም አጥቶ ባለጉዳይ ይመልስ ይሆናል። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ ከየመጋዘኑ የቶነር ዓይነትና ብዛት፣ ከየክፍሉም የማተሚያ ሞዴል ተዘርዝሮ እንዲቀርብለት ቢያደርግ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማዛወሩ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።